ድንብላል፣ ምስር፣ ብይና አንድ የተሰነጠቀ ምጣድ

የልደት ባነር ላይ የሚታተመው ሕዋ ውሸት ነው። ማተሚያ ቤቶችን ላስቀይም ፈልጌ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ብታሳትሙም አዲስ አበባ ብታሳትሙም ሥዕሉ ያው ነው። ፀሐይ ከጥግ ሆና ግማሽ ፊቷን ታሳያለች። ስምንቱ ፕላኔቶች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይሰለፋሉ። በመሐላቸው ሮኬት ይሾልካል። ከታች የልጁ ስምና ዕድሜ ይጻፋል። ያምራል፣ አይካድም። ውሸቱ ያለው ፕላኔቶቹ ላይ ሳይሆን በመሐላቸው ባለው ክፍተት ላይ ነው።

ነገሩን ያነሳችው ልጄ ናት። የካቲት 21 ቀን 2012 ዓ.ም. 7 ዓመት ይሞላታል። ያን ሰሞን ደግሞ ወሬው ሁሉ ሳተላይት ነበር። ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን ኢቲአርኤስኤስ-1ን ታኅሣሥ 10 ቀን ከቻይና፣ ከታይዩዋን፣ አምጥቃለች። ልጄ በቴሌቪዥን ካየችው ወዲህ ካርቶን ባገኘች ቁጥር ሮኬት ነው የምትሠራው። «ልደቴ ሕዋ ይሁን» አለች። እሺ አልን። ምን ይከብዳል ብለን።

ማተሚያ ቤት ይዣት ሄድኩ። ወጣቱ ኮምፒውተሩ ላይ ናሙናውን ከፈተልን። እሷ አገጯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ አየት አየት አደረገችና «ሲዞሩ አይጋጩም እንዴ?» አለች።

ወጣቱ ሳቀ። «ላራርቃቸው?» ብሎ በማውሱ ይጎትት ጀመር። ጁፒተርን ወደ ቀኝ ሲገፋው ሳተርን ከገጹ ወጣ። ሳተርንን ሲመልስ ኔፕቱን ጠፋ። «በቃ እናሳንሳቸው» አለ። ሲያንሱ ደግሞ ምንነታቸው የማይለይ ነጠብጣብ ሆኑ። ባነሩን ሳናዝ ወጣን። ከዚያች ቀን ወዲህ የልደቱ ጣጣ ስለ ጌጣጌጥ መሆኑ ቀረ። ያንን ባዶ ቦታ ለልጆች እንዴት ነው የምናሳያቸው? ጥያቄው ይህ ሆነ።

መጀመሪያ ግን የጾሙ ነገር ነበር።

የካቲት 21 በ2011 ዓ.ም. ፍስክ ነበር። ዶሮ ተሠርቷል፣ ኬኩም ክሬም በክሬም ነበር። በ2012 ግን ሁዳዴ የካቲት 16 ገባ። 7 ዓመት ደግሞ ልጅ ጾም የሚጀምርበት ዕድሜ ነው። ልጄ አኮረፈች። «ለምን አምና ፍስክ ሆኖ ዘንድሮ ጾም ይሆናል? ቀኑ ያው አይደለም እንዴ?» ጥያቄው ትክክል ነው። እኔ የምመልሰው ስላልነበረኝ ጎረቤታችን የኔታ ዘንድ ላክኋት። ጎጃም ውስጥ እንዲህ ላለው ጥያቄ ሰው አይጠፋም።

የኔታ በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ጾሟን የምታንቀሳቅሳት ጨረቃ ናት» አሏት። በመቋሚያቸው ጫፍ አፈሩ ላይ ጻፉላት። ፀሐይ ዓመቷን በ365 ቀን ትጨርሳለች። ጨረቃ 12 ዙሯን የምትጨርሰው በ354 ነው። ልዩነቱ 11። ያ 11 በየዓመቱ ይደመራል፣ ከ30 ሲያልፍ 30ው ይጣላል። የሚቀረው አበቅቴ ነው። «አምና 25 ነበር። 11 ጨምሪበት።» በጣቷ ቆጠረች፣ ጣት ሲያልቅባት የእሳቸውን ተዋሰች። 36። «ሠላሳውን ጣዪው።» 6። «የዘንድሮው አበቅቴ 6 ነው። እስከ 30 ስንት ጎደለ?» 24። «እሱ መጥቅዕ ነው። ከመጥቅዕ ተነስተን ነነዌን እናገኛለን። ነነዌ የካቲት 2 ላይ ዋለች። በ14ኛው ቀን ሁዳዴ ገባ።»

ኩርፊያው አልለቀቃትም፣ ግን አቅጣጫውን ቀየረ። ማታ ደጅ ወጥታ ጨረቃን ስትገላምጥ አየኋት። የኔታ ስለ ሮኬት ያነሱት ነገር የለም። ለሕዋ ልደት ከዚህ የተሻለ መክፈቻ ግን ከየት ይመጣል? መርሐ ግብሩ ላይ አስገባናቸው። እንግዶቹ ሲመጡ የየራሳቸውን የልደት ዓመት አበቅቴ እያሰሉ ይጀምራሉ።

ምግቡን ቶሎ ልለፈው፤ ፈንዲሻ፣ ቆሎ፣ ድፎ ዳቦ፣ ለስላሳ። የጾም ኬክ አዘዝን፣ ላዩ ላይ ሮኬት ይሳልበት አልን። ሲመጣ የተሳለው ነገር ለጠርሙስ ነው የሚቀርበው። ማንም አልከፋውም።

እናቴ ግን ያልታሰበ ነገር ሠራች። እናቴ በልደት አታምንም። ለእሷ ልደት የጌታ ነው፣ የእሷን የተወለደችበትን ቀን የሚያውቅም የለም። ቢሆንም ለልጅ ልጇ የሽምብራ አሳ ልሥራ አለች። የሽምብራውን ዱቄት አቡክታ፣ ጠፍጥፋ፣ በቢላ አሳ አሳ አድርጋ ትቆርጣለች፣ ከዚያ ዘይት ውስጥ ትጠብሰዋለች። ልጄ አጠገቧ ተቀምጣ «እማማ፣ ጅራቱን ሦስት ብታደርጊለት እኮ ሮኬት ነው» አለቻት። እናቴ ቢላውን አቆመች። አሳውን አዟዟረችው። አፉን አሾለችው፣ ጅራቱን ለሦስት ከፈለችው። «ይኼስ በውኃ ነው በሰማይ የሚሄደው?» ብላ ወደ ዘይቱ ለቀቀችው። ተጠብሶ ሲወጣ እውነትም ሮኬት ነው። ወጥ ውስጥ የሚገባው በማግስቱ ነበር። ሳይገባ አለቀ።

አሁን ወደ ባዶው ቦታ።

ባለቤቴ ካልኩሌተር ይዞ አመሸ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ፀሐይን የሚያህል የታወቀ ነገር ምረጥ፣ ሌላውን ሁሉ በእሱ ልክ አሳንስ። ፀሐያችን ጓሮ የተጣለው የተሰነጠቀ ምጣድ ሆነ። 55 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እናቴ የምትጋግርበትን ለማስነካት ፈቃደኛ አልነበረችም፣ ያውም በሁዳዴ። የተሰነጠቀውን እርድ በጥብጠን ቀባነው። «እርዱን ጨረሳችሁት» የሚለው ቁጣ እስከ ፋሲካ ዘልቋል።

ፀሐይ ምጣድ ከሆነች መሬት ስንት ትሆናለች? 5 ሚሊ ሜትር። ያልተከካ ምስር ማለት ነው። ልጆቹ ምጣዱንና ምስሩን ጎን ለጎን ሲያዩ አላመኑም። ቬነስም ምስር ናት፣ እኩያዋ። ማርስ የምስር ግማሽ ስለሆነ ድንብላል ሆነ። ሜርኩሪ የጎመን ዘር። ጁፒተር ክብ ድንች፣ ሳተርን ሎሚ። ለሳተርን ቀለበት እናቴ ከአክርማ ክብ ሠራችለት፣ ከሎሚው እጥፍ ትንሽ የሚበልጥ። ዩራነስና ኔፕቱን ብይ ሆኑ፣ ከልጆቹ ኪስ የተገኙ። ስለ ጨረቃ ክርክር ተነሳ። ጎረቤት ሁሉ ጤፍ ትሁን አለ፤ የጎጃም ሰው አይደለ። ባለቤቴ ግን ልኬቱን አልለቅም አለ። ጨረቃ 1.4 ሚሊ ሜትር ናት፣ ጤፍ ታንሳለች። ዳጉሳ ሆነች።

ቀጥሎ ርቀቱ። ምጣዱን የግቢያችን በር ላይ አቆምነው። ከዚያ መንገዱን ይዘን ወጣን። ሜርኩሪን የያዘችው ልጅ 23 ሜትር ላይ ቆመች። ቬነስ 43 ሜትር። መሬት 60 ሜትር ገደማ። ልደተኛዋ ምስሯን መዳፏ ላይ አድርጋ ቆማለች፣ ዳጉሳዋን ደግሞ አንድ ጓደኛዋ ከምስሯ 15 ሳንቲ ሜትር አርቃ ይዛለች። ከስንዝር ያነሰ ማለት ነው። ሰው በእግሩ የሄደው እስከዚያች ዳጉሳ ብቻ ነው። ስለ ሳተላይታችንም ተጠየቀ። ኢቲአርኤስኤስ-1፣ ያ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነው፣ ከመሬት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው የሚዞረው። በእኛ ልክ ከምስሩ ቆዳ ሩብ ሚሊ ሜትር ቢርቅ ነው። ልጆቹ አይናቸውን ምስሩ ላይ ለጥፈው ሊያዩት ሞከሩ።

ማርስ 90 ሜትር ላይ ቆመ። እስከዚህ ሁሉም ይተያያል፣ ይጠራራል። ከዚያ ግን ጁፒተር 300 ሜትር አልፎ ነው። ድንቹን የያዘው ልጅ ሄዶ ሄዶ ትንሽ ሆነ። «ደረስኩ?» እያለ ዞሮ ይጮኻል፣ እኛ በእጃችን ሂድ ሂድ እንለዋለን። ሳተርን ከ560 ሜትር በላይ ስለሆነ ከኩርባው በኋላ ነው፣ ከነጭራሹ አይታይም። እዚህ ላይ ነው ልጆቹ ዝም ያሉት። ሎሚው ያን ያህል ርቆ ይህንን ምጣድ ነው የሚዞረው? አዎ። የያዘውስ ነገር የለም? የስበት ኃይል እንጂ ገመድ የለውም።

ዩራነስ ከ1.1 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ኔፕቱን ወደ 1.8 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ልጅ በእግሩ አይላክም። ወንድሜ ብዮቹን ከያዙት ሁለት ልጆች ጋር ባጃጅ አስቆመ። ሹፌሩ «የት ናችሁ?» ሲል ትንሹ ቀድሞ «ኔፕቱን!» አለ። ሹፌሩ ለአፍታ አሰበና «እሱ ሩቅ ነው፣ ኮንትራት ነው» አለ። ሄዱ። ኔፕቱን ላይ ሆነው ስልክ ደወሉልን። «ፀሐይ ትታያለች?» ብላ ጠየቀች ልጄ። «እኛ ጋ የሚታየው የእንጨት መሸጫ ነው» አሉ።

ሌላ ፀሐይስ? ይህን ያነሳው አንድ የሰፈር ልጅ ነው። ከእኛ ፀሐይ ቀጥሎ ያለችው ኮከብ 4.2 የብርሃን ዓመት ትርቃለች። አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው። በምጣዳችን ልክ ሲሰላ ሁለተኛው ምጣድ የሚገኘው 16 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። ከጎጃም ተነስቶ ፓሲፊክ ውቅያኖስ መሐል መግባት ማለት ነው። በመሐል ሌላ ምጣድ የለም። ባለቤቴ ይህን ሲናገር እኔ ራሴ ሆዴን ባር ባር አለኝ። ልጆቹ ግን «ባጃጁ ስንት ይጠይቃል?» ነው ያሉት።

እንዲህ ያለ ልደት ለማሰናዳት ያሰበ ካለ አንድ ነገር ልንገረው። አንድ ፕላኔት ላይ አንድ ልጅ ብቻ አታቁሙ። ይሰለቸዋል፣ ይፈራልም። ሁለት ሁለት አድርጓቸው፣ መኪና ያለበት መንገድ ከሆነ ትልቅ ሰው ጨምሩ። ክረምት ላይ ደግሞ አይሞከርም። የጎጃምን የሐምሌ ሰማይ የሚያውቅ ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

በወንበር ዙሪያ ከመሯሯጥ ይልቅ ለዚህ ልደት የተስማማው ጨዋታ የብርሃን ውድድር ነበር። ከሁሉ የሚፈጥነው ብርሃን ከፀሐይ መሬት ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጅበታል። በእኛ መንገድ ላይ ይህ ማለት በሰከንድ 12 ሳንቲ ሜትር ብቻ መሄድ ነው። ከምጣዱ እስከ ምስሩ ሳይቆሙ፣ ቀስ ብለው፣ ብርሃን የሚፈጅበትን ጊዜ ፈጅተው የሚደርሱ ያሸንፋሉ። ልጅ ቀስ በል ሲባል የሚሆነውን ታውቃላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ደረሱ፣ እየሳቁ። ልጄ ተረከዟን ከጣቷ እያገናኘች ብትሄድም ምስሩን ስታይ መሮጥ አማራት። ያሸነፈው ውድድር መኖሩን የማያውቀው የጎረቤታችን ሕፃን ነው። ጠጠር ያነሳል፣ ይጥላል፣ ሁለት እርምጃ ይሄዳል፣ ዶሮ ያያል። ብርሃንን የተስተካከለ እሱ ብቻ ነበር።

12 ሰዓት ተኩል አልፎ ፀሐይ ጠለቀች። ኬኩ ተቆረጠ። ከዚያ መብራት አጠፋን። ጎረቤቶቻችንንም የውጭ አምፖል እንዲያጠፉልን ለምነን ነበር። ያልሰሙት «መብራት ሄደ እንዴ?» እያሉ ብቅ ብቅ ማለታቸው አልቀረም። ሰሌን ዘርግተን ልጆቹን በጀርባቸው አስተኛናቸው።

የየካቲት ሰማይ ደብረ ማርቆስ ላይ ደረቅ ነው፣ ጥርት ያለ። በስተምዕራብ ቬነስ ደምቃ ቆማለች። ያ በ43 ሜትር ላይ የነበረ ምስር ናት። አንዱ አውሮፕላን ነው ብሎ ድርቅ አለ። ከእሷ በላይ የስድስት ቀን ጨረቃ ነበረች፣ ዳጉሳችን። አናታችን ላይ ኦሪዮን ሦስቱን ኮከቦቹን ቀበቶ አድርጎ ቆሟል። ባለቤቴ ትከሻው ላይ ያለችውን ቀይ ኮከብ፣ ቤቴልጁዝን፣ አሳየን። ያን በጋ ከወትሮዋ እጅግ ደብዝዛ የዓለም ተመራማሪዎችን ሁሉ ሥራ አስፈትታ ነበር። ኋላ እንደታወቀው ራሷ የተፋችው አቧራ ጋርዷት ነው። ልጆቹን ብዙም አልገረማቸውም። ደብዛዛ ኮከብ ምኑ ይገርማል?

የገረማቸው ሲሪየስ ነው። በሌሊት ሰማይ ከሚታዩት ኮከቦች ሁሉ ደማቁ፣ ከኦሪዮን በስተምሥራቅ ዝቅ ብሎ የሚገኘው። ከእኛ 8.6 የብርሃን ዓመት ይርቃል። የወንድሜ ልጅ በሐምሌ 2003 ነው የተወለደው። ባለቤቴ ጠራውና «ያቺን ታያለህ? አሁን አይንህ የገባው ብርሃን ከእሷ የተነሳው አንተ በተወለድክበት ሰሞን ነው። ስምንት ዓመት ተኩል ሙሉ ሲጓዝ ቆይቶ ዛሬ ደረሰ» አለው። ልጁ ሰሌኑ ላይ ብድግ ብሎ ተቀመጠ። ደረቱን ነፍቶ ሁሉንም አየ። ኮከብ የእኔ ናት አለ።

ልደተኛዋ እሪ አለች። ልደቱ የእሷ፣ ኮከቧ የእሱ! «የኔስ?» ሰባት የብርሃን ዓመት ርቃ በአይን የምትታይ ደማቅ ኮከብ የለችም። ባለቤቴ ራሱን አከከ። «የአንቺ ብርሃን መንገድ ላይ ነው። ከዚችው ከሲሪየስ ተነስቷል። ገና ዓመት ከመንፈቅ ይቀረዋል። መስከረም 2014 ላይ ይደርሳል።» በቃ አለች። ግን ቀኑን አስጻፈችን። ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው።

ሳምንታት ሳይቆይ ኮሮና ገባና ልደትም ሠርግም ቀረ። ምጣዱ በር ላይ እንደተደገፈ ቆየ። ሰኔ 14 ቀን ግን ድጋሚ አስፈለገን። የዚያን እሑድ ጠዋት ፀሐይ ተጋረደች፣ ላሊበላ ላይ የእሳት ቀለበት ሆና ታየች። እኛ ጋ አብዛኛው ፊቷ ተሸፍኗል፣ ብርሃኑ ገርጥቶ ዶሮዎቹ ግራ ተጋብተው ነበር። እኛ በካርቶን ቀዳዳ መሬት ላይ የወደቀውን የብርሃን ማጭድ አየን። ልጄ «ትንሿ ጨረቃ ትልቋን ፀሐይ እንዴት ትሸፍናለች?» ስትል 60 ሜትር ርቀን ቆመን፣ አንድ አይኗን ጨፍና ዳጉሳዋን 15 ሳንቲ ሜትር ላይ አደረገች። ምጣዱ ጠፋ። ዳጉሳዋን ትንሽ ስታርቅ የምጣዱ ጠርዝ ዙሪያውን ብቅ አለ። ላሊበላ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ያን ዕለት ጨረቃ ትንሽ ራቅ ብላ ስለነበር ሙሉ በሙሉ አልሸፈነችም።

መስከረም 2014 ደረሰ። እኔ ረስቼዋለሁ፣ ወረቀቱን እንኳ ሌላ ወረቀት ሸፍኖታል። እሷ አልረሳችም። ሲሪየስ በመስከረም የሚታየው ከንጋት በፊት ነውና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ቀሰቀሰችን። ደመና ነበር። በማግስቱም ቀሰቀሰችን። በሦስተኛው ለሊት ሰማዩ ተከፈተ። አይታ እንደጨረሰች ስልኬን አንስታ የአጎቷ ቤት ደወለች። እንቅልፋም ድምፅ «ሃሎ» ሲል «የኔም ደረሰ፣ ኮከቧ የጋራችን ናት» ብላ ዘጋችው።